ሱቅ የከፈተው ጅብ

በልጅነቴ ዲላ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ጅብ አውቅ ነበር። ስሙ ኸድሩ ይባላል።

አትሳቁብኝ። ጅብ መሆኑን በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው ያረጋገጥኩት። ጢሙን ሒና ይቀባዋል፤ ቀይ ነው። አንዲት የወርቅ ጥርስ አለችው። ሲስቅ ከሆዱ ጎትቶ ነው የሚያወጣው፤ ሳቁ ከገበያው ማዶ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚዛን አለው፤ ቡና የሚመዘንበት፣ ከጣሪያው በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ሰው የሚያስቀምጥ ትልቅ ሚዛን። በመጽሐፉ ላይ የተሳለው ጅብም ልክ እንደዚያ ያለ ሚዛን ነበረው።

ወደ መጽሐፉ እመጣለሁ። አስቀድሜ ስለ ጆሮዬ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በጆሮዬ ነውና።

ያን ጊዜ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በልደት ወረቀት አልነበረም። ወረቀቱ የማን ቤት ነበር? ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል፤ ካልነካህ ወደ ቤትህ። እኔ ደግሞ ከእኩዮቼ ሁሉ አጭር ነበርኩ። የሰፈሬ ልጆች ጆሮ ጆሯቸውን እየነኩ ሲያልፉ የእኔ ጣት ከአናቴ ላይ ቀረ። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ጎተተችው። መዝጋቢው፣ መምህር ሽብሩ፣ «ተይው እናቴ፣ ትሰብሪዋለሽ» አላት። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። አባቴ ገና ድኼ ሳልነሳ ነው ያረፈው። ቤታችን ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ፣ እንሰት ጓሮ ውስጥ ነበር፤ እሷ ቆጮና ቡላ እያዘጋጀች ገበያ ታወጣለች። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀመችው፤ ለእሷ ሴቱም ወንዱም፣ እኔ ሴት ልጇም ሳልቀር፣ «እሱ» ነው። ያን ቀን ለጎረቤቶቹ ስለ እኔ ስትነግር «ልጁ አልደረሰም አሉ» አለች። «ጆሮው እምቢ አለ።»

ፍስሐ ገነት በምትባል ከተማ አክስት ነበረችኝ። መንታ ወልዳ ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች። እናቴ ቆርጣ ነገረችኝ፤ «በሚመጣው መስከረምም እምቢ ካለ፣ አክስት ጋ ትሄዳለህ።»

በቃ፣ እንግዲህ እንደዚያ ሆነ። ጆሮዬን መንካት ካቃተኝ ከእናቴ ተለይቼ መንታ ላዝል ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከቤታችን ማገር ላይ በቀኝ እጄ እየተንጠለጠልኩ እወዛወዝ ጀመር፤ እጄ እንዲረዝም። አልረዘመም። ትከሻዬን አመመኝ እንጂ።

ኸድሩ ጋ የሚያመላልሰኝ መልእክት ነው፤ ስኳር አምጣ፣ ጨው አምጣ፣ ሳሙና አምጣ። አባቱ ከስልጤ መጥቶ ዲላ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ እሱ እዚሁ ነው የተወለደው። በዚያ ዘመን ስኳር በፌስታል አይሸጥም። አሮጌ ወረቀት እንደ ቀንድ ይጠቀለልና በዚያ ውስጥ ይፈሳል። ኸድሩም ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጣለውን ወረቀት በክምር እየገዛ ከባንኮኒው ሥር ያኖራል። የተጻፈበት ምን እንደሆነ አያይም፤ ቁርኣን በዓረብኛ ያነባል እንጂ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረም።

ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ሰሞን ነው። ስኳሬን ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ ወረቀቱ ላይ ሥዕል አየሁ። ጅብ ሽርጥ ታጥቆ ከሚዛን አጠገብ ቆሟል። ከፊቱ አንዲት ግልገል፣ አንገቷ ላይ ዘንቢል አንጠልጥላ ቀና ብላ ታየዋለች። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። በሕይወቴ ያን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስኳሩን ረስቼ ቀረሁ።

የኸድሩ ልጅ ሱመይራ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ሁልጊዜ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ከመጥረጊያ የተመዘዘ ስንጥር አነሳችና ወረቀቱ ላይ ጠቆመች።

«አጭሬ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ስኳር የለም።»

«ከፍያለሁ እኮ!»

«የከፈልሽው ለስኳሩ ነው። ለወረቀቱስ?»

ወደ ኸድሩ ዞርኩ፤ ትልቅ ሰው አይደል፣ ያስጥለኛል ብዬ። እሱ ጢሙን እያሻሸ ያየናል።

«‘ጅ’ በይ» አለች ሱመይራ።

«ጅ።»

«‘ብ’ በይ።»

«ብ።»

«ምን ሆነ?»

«...ጅብ!»

ስኳሩን ለቀቀችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ መሄድ ሥቃይ ሆነብኝ። ጨው ልግዛ ሳሙና፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳላነብላት አታሳልፈኝም። ቀንዱን እያዞረች በስንጥሩ ትጠቁመኛለች፤ ስሳሳት ባንኮኒውን ጠቅ ታደርግና «ድገሚ» ትላለች። ገበያተኛ ቆሞ ይስቃል። አባትና ልጅ ተመካክረው እኔን መቀለጃ ያደረጉኝ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።

ሱመይራ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ አሁንም «አጭሬ» ነው የምትለኝ። ባለፈው ዒድ ቤቷ ምሳ በልተን ቡና እየጠጣን ስንጫወት፣ «አባዬ እኮ ነበር የሚያዘኝ» አለችኝ። «‘ሳታነብ እንዳትለቂያት’ ይለኛል። እኔማ መጫወት አምሮኝ ስሞት ነበር። ባንቺ የተነሳ ገመድ ዝላይ ሳልጠግብ አደግሁ።»

ወረቀቱም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ኸድሩ መጽሐፉን እየቀደደ ለከተማው ሁሉ የሚበትነው ይመስለኝ ነበር። ለሌላ ሰው የቢሮ ወረቀት ነበር የሚጠቀልለው። ከክምሩ ውስጥ ልባሱ የተገነጠለ የተረት መጽሐፍ አግኝቶ፣ ሥዕሉን ሳፈጥበት አይቶኝ፣ ያንን ለእኔ ብቻ ለይቶ አስቀምጦታል። ካደግሁ በኋላ «ጋሽ ኸድሩ፣ ለምን ሙሉውን አልሰጡኝም?» ብዬ ጠየቅሁት። በወርቅ ጥርሱ ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ! ሙሉውን ብሰጥሽ አንድ ቀን መጥተሽ ትቀሪ ነበር። ደንበኛ እንደሱ ነው እንዴ የሚያዘው?»

ይሄ ሁሉ ግን ኋላ ነው። ወደ ልጅነቴ ልመለስ።

ያነበብኩትን ወረቀት ሁሉ ቤት ወስጄ፣ እናቴ ከበጠበጠችው ቡላ ቆንጥሬ፣ ከመኝታዬ በላይ ጭቃው ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ቡላ ሲደርቅ ምን የመሰለ ሙጫ መሰላችሁ! ከውጭ በኩል ያነበብኩትን ወደ እኔ አዞራለሁ፤ ስኳር የነካውን የውስጡን ወገን ወደ ግድግዳው እለጥፋለሁ። ስኳሩም ያግዘዋል። ግድግዳዬ ቀስ በቀስ ተረት በተረት ሆነ።

ተረቱ እንዲህ ነው። ጅብ ሱቅ ከፈተ። እናት ፍየል ልጇን ጨው ግዢ ብላ ላከቻት። ጅቡ ግልገሏን ከላይ እስከ ታች አየና «ገና ነሽ፤ ትንሽ እደጊ» አላት። በሚቀጥለው ወረቀት ግልገሏ ጨውዋን ይዛ ቤቷ ናት። እንዴት አመለጠች? አልተነገረም። በሌላው ወረቀት ደግሞ ተመልሳ ሄዳለች፤ ጅቡም በሩን ዘግቷል። ከዚያ በሚከተለው ደጅ ላይ እየዘለለች ናት። በሩን ማን ከፈተላት? እሱም የለም።

ተረቱ ሁልጊዜ እየዘለለ ይሄዳል። የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ ስነግራቸው የጎደለውን ከራሴ እየጨመርኩ ነበር። አንዴ መልአክ መጣ እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ የወናጎ አውቶብስ ደረሰላት እላለሁ። እነሱ ወደውታል። እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር። ግልገሏ እኔ ነበርኩ እኮ! ዘንቢሏ ዘንቢሌ፣ እናቷ እናቴ፣ ጅቡም ያ ባለ ሚዛን።

ታዲያ አንድ ቀን ዝናብ ያዘንና እናቴ ኸድሩ ሱቅ ተጠለለች። እኔ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ቁጭ ብያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወሬያቸው እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰኝ።

«አክስቱ ላክ፣ ላክ ይለኛል» አለች እናቴ።

ዝናቡ ጮኸ። ቀጥሎ የኸድሩ ድምፅ።

«...ገና ናት። ትንሽ ትደግ። እስከ መስከረም ተያት፣ ከዚያ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ።»

«በመኪና?»

«በራሴ መኪና! አብሽሪ የካሳነሽ እናት፣ ለእኔ ተያት።»

እናቴም «እሺ» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ገና ናት፣ ትንሽ ትደግ! ቃል በቃል ግድግዳዬ ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ? ጅቡ እስክወፍር ሊጠብቀኝ ነው፤ እናቴም ፈቅዳለታለች።

ያን ቀን ምን እንደተባባሉ እናቴ የነገረችኝ እኔም ወልጄ ስከብድ ነው። አክስቴ ጋ የምትልከኝ ለመንታዎቹ ብላ ብቻ አልነበረም። በዚያ ያለው ትምህርት ቤት ጆሮ አያስነካም ተብሎ ሰምታ ነው። ከእሷ ተለይቼም ቢሆን ፊደል እንድቆጥር ነበር ሐሳቧ። ኸድሩ ደግሞ «ሕፃን ልጅ ከሌላ ቤት መንታ ጭነውባት ትምህርት ቤት የሚልኳት ይመስልሻል? እስከ መስከረም እዚሁ ትማር፤ ካልሆነ እኔ ራሴ አደርሳታለሁ» ብሎ ነው የተሟገታት። ሁለቱም ለእኔው ነበር የሚጨቃጨቁት። እኔ ጆንያ ኋላ ሆኜ የሰማሁት የመበላቴን ቀጠሮ ነው።

በማግስቱ ሱቅ ስደርስ ኸድሩ ቡና መዝኖ ጨርሶ ቆሟል። ሚዛኑ ባዶውን ይወዛወዛል።

«ነይ እስኪ ካሳነሽ፣ ሚዛኑ ላይ ውጪ። ምን ያህል እንዳደግሽ ልየው።»

ዘንቢሌን ጥዬ ፈረጠጥኩ። የጎመኑን መደብ ዘልዬ፣ የሙዝ ነጋዴዎቹን ሰንጥቄ፣ ቀዩን ጭቃ እያፈናጠርኩ። ከኋላዬ ሱመይራ «አጭሬ! አንቺ አጭሬ! ስኳርሽን!» እያለች ትሮጣለች። ይበልጥ ሮጥኩ። ሰው ደግሞ «ምን ሰርቃ ነው?» ይላል።

ኸድሩ ልጆቹን ሁሉ እየመዘነ እንዳሳደጋቸው ከየት ልወቅ?

ለብዙ ቀን ሱቅ አልሄድ አልኩ። በመጨረሻ ጨው አለቀና እናቴ ዱላ አሳየችኝ። ሄድኩ። ኸድሩ በአዲስ ወረቀት ጨዉን ጠቅልሎ አቀበለኝ። ሥዕሉን አየሁት። ጅቡ ወደ ሚዛኑ እየጠቆመ ነው። ሱመይራ በስንጥሯ ሳትጠቁመኝ በፊት ራሴ ተንተባትቤ አነበብኩት፤ «‘ሚዛኑ ላይ ውጪ’ አለ ጅቡ።»

የሚቀጥለውን ወረቀት መጠበቅ አልቻልኩም። ብጠብቅስ? ሁልጊዜ የሚዘለው እኮ ይሄ ነው፤ እንዴት እንደምታመልጥ! እኔ ደግሞ ማወቅ ያለብኝ ያንን ነው። ንዴትና ፍርሃት ተደባልቀው አፌን ከፈቱት።

«ግማሹን የት አደረሱት?»

ኸድሩ ዙሪያውን አየ። «ምኑን?»

«ተረቱን! ግማሽ ግማሹን በልተውታል!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኸድሩ ዞረ። ከዚያ ያ ሳቅ ከሆዱ ተነሳ። ኸድሩ ባንኮኒውን ይዞ ተንፈራፈረ፤ ኮፍያውን አውልቆ እንባውን ጠረገበት። «ወላሂ፣ ስኳር ሰረቀ ተብዬ አውቃለሁ፣ ተረት በላ ስባል ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው!»

ሱመይራ አልሳቀችም። ጨዉን ከእጄ ተቀብላ ሰሃን ላይ ገለበጠችው። ወረቀቱን ዘረጋችና አገላበጠችው። በወዲያኛውም በኩል ጽሑፍ አለ። ጥቅጥቅ ያለ።

«ጀርባውስ? አጭሬ፣ ጀርባውን አታነቢም እንዴ?»

ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። ጀርባው ሁሉ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። በቡላ፣ በስኳርና በራሴ መዳፍ ተደልድሎ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እያለቀስኩ አገኘችኝ። ነገርኳት። ቀረብ ብላ ወረቀቶቹን ዳሰሰቻቸው።

«ወረቀት ጀርባ አለው?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ራሷን።

«አለው።»

«እዛም ይናገራል?»

«ይናገራል።»

ነጠላዋን አስቀመጠች። ውኃ አሞቀች። ጨርቅ እየነከረች በየወረቀቱ ላይ ለጠፈችና ቡላው እስኪርስ ጠበቀች። ከዚያ እንሰት የምትፍቅበትን ቀርከሃ አመጣች። እንሰት ሲፋቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሥጋው ከቃጫው ይለያል፤ ቃጫው ግን አይበጠስም። እጇ በዚያ የኖረ ነው። ቀርከሃውን በወረቀቱና በጭቃው መካከል አስገብታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ እያለች ገፋችው። ወረቀቱ ሙሉውን መዳፏ ላይ ወደቀ። ሌላውንም። ሌላውንም። ለማግስቱ ገበያ የሚሆነው ቆጮ እየጠበቃት፣ ፊደል የማታውቀው እናቴ ከሰዓቱን ሁሉ ተረት ስትልጥ ዋለች። አንድ ወረቀት ብቻ ጥጉ ተቀደደባት፤ «ውይ፣ አመመው?» አለችኝ።

ልብስ ማስጫው ላይ ሰቅለን አደረቅናቸው። እኔ ከሥራቸው ቆሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ጀርባ ጀርባቸውን ማንበብ ያዝኩ። ዓይኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ግልገሏ እንዴት እንዳመለጠች። ስንጥር የሚጠቁምልኝ እንደሌለ፣ ያን ጽሑፍ ማንም እንዳላስጠናኝ ልብ አላልኩትም። ተረት የማሳድድ እንጂ የማነብ አልመሰለኝም ነበር።

ከተሰቀሉት የመጨረሻው ላይ አገኘሁት፤ ኸድሩ ፊደል ስለማያውቅ ገጹን አዘበራርቆ አስቀድሞ የሰጠኝ ነበር። «‘ጋሽ ጅቦ፣ ሚዛንዎ ተንሻፏል’ አለች ግልገሏ። ‘መጀመሪያ እርስዎ ይውጡና ልየው።’ ጅቡ ወጣ። ግልገሏ ሰንሰለቱን ሳበች። ጅቡ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ሲጮኽ፣ ጨውዋን ይዛ ሄደች።»

በማግስቱ ማንም ሳይልከኝ ሱቅ ሄድኩ። ደረቴን ነፍቼ ሚዛኑ ሥር ቆምኩ።

«ሚዛንዎ ተንሻፏል» አልኩት። «መጀመሪያ እርስዎ ይውጡ!»

ኸድሩ ያን ግዙፍ ገላውን ይዞ፣ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ፣ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ሰንሰለቱ አቃሰተ። ጣሪያው ተንቋቋ። ሱመይራ «አባዬ፣ ቤቱን ታፈርሰዋለህ!» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው በር ላይ ተደርድሮ ሲያይ፣ እኔ ሰንሰለቱን ጨብጬ ባለኝ ኃይል ሳብኩት። ነቅነቅ እንኳ አላለም። እሱ ግን «ያ አላህ! አወጣችኝ! አድኑኝ!» እያለ እግሩን አንፈራገጠ። የዚያን ቀን ድል! ከዚያ ወርዶ እኔን በሁለት እጁ አንስቶ አስቀመጠኝ። መርፌውን አየና በጣም ደስ አለው። «ከብደሻል። ዘንድሮ ትገቢያለሽ፣ ኢንሻአላህ።» ጅብ ሲባል እንዲህ ዓይነትም አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

መስከረም መጣ። የምዝገባው ቀን የኸድሩ መኪና ጨውና ሳሙና ጭና ወደ ፍስሐ ገነት የምትሄድበት ቀን ሆነ። እናቴ ልብሴን በጨርቅ ቋጥራ ይዛዋለች። ከተመዘገብኩ ቋጠሮው ወደ ቤት፣ ካልሆነ እኔና ቋጠሮው ወደ መኪናው። መኪናዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ኸድሩና ሱመይራ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ።

ተራዬ ደረሰ። መምህር ሽብሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ጆሮ።»

እጄን አሳለፍኩ። ዘረጋሁ። የዓመት ሙሉ የማገር ልፋቴን ሁሉ ዘረጋሁ። ጣቴ የጆሮዬን ጫፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንገቴን ትንሽ ዘንበል አደረግሁ።

«አንገት ቀና!» አለ መምህሩ።

«አንገቷን ልትቆርጠው ነው!» አለ አንዱ ከሰልፉ፤ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደብኝ።

«አልደረሰችም። የሚቀጥለው!»

እናቴ ከጠረጴዛው ፊት አልተንቀሳቀሰችም። «አምና ጠበቀ። ዘንድሮ ጠበቀ። ጆሮው ይሸሻል እንዴ?»

«እናቴ፣ ለደረሱትም ቦታ አልበቃንም። ቦታ የለም። በሚመጣው ዓመት።»

ቋጠሮውን ወደ ትከሻዋ ከፍ ስታደርገው አየሁ። እጄን ያዘች። ያኔ ከአጥሩ ወዲያ የሱመይራ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር! ማንበብ ትችላለች!»

«ሀ ሁ መቁጠር ማንበብ አይደለም» አለ መምህሩ።

«ያለ ጣት ነው የምታነበው! ጀርባውንም!»

ሰው እንደገና ሳቀ። መምህር ሽብሩም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው መሰለኝ፣ ከፊቱ ከተከመሩት አዲስ የተማሪ መጻሕፍት አንዱን ገልጦ አዞረልኝ።

ጅብ የለም። ሚዛን የለም። ግልገል የለችም። አንዲት ዶሮና ጫጩት ተስለዋል፤ እሱንም መምህሩ በመዳፉ ሸፈነው። እኔ የማውቀው እኮ የጅቡን ተረት ብቻ ነው! ይሄ የማን ነው? ልሸሽ ቋመጥኩ።

ከዚያ አንዷን ፊደል አየኋት። «ዝ»። «ዘንቢል» ላይ ያለችው «ዘ» እኅቷ ናት። ቀጥላ «ና»፤ ጅቡ ግልገሏን ሲጠራ «ነይ» ይላል፣ የእሷ ወገን ናት። «ብ» የጅቡ ነች፣ እሷንማ በእንቅልፌም አውቃታለሁ። ልጆቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ፊደሎቹ ከተረታቸው ወጥተው፣ ሰው ቤት መጥተው፣ ሌላ ሥራ ይዘው አገኘኋቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ!

«ዝናብ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። ከዚያ ወፈረ።

«ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ወረደ፣
ጫጩት ከጓሮ እየሮጠ ሄደ።
እናቱ ክንፏን ዘረጋችለት፣
ና ልጄ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።»

መምህር ሽብሩ መዳፉን ከሥዕሉ ላይ አነሳ።

«ይሄን ማን አስጠናሽ?»

«ማንም። አሁን ነው ያየሁት።»

እናቴ ትከሻዬን ነካች። «ምን አለ? ምን ይላል?»

በጌዴኦኛ ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ጫጩቱን፣ ክንፉን፣ የተለቀቀለትን ቦታ። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ በዚያች በገበያ አማርኛዋ ለመምህሩ፣

«ዶሮ እንኳ ለልጁ ቦታ አለው» አለችው። «ትምህርት ቤት የለውም?»

መጀመሪያ የሳቀው መምህር ሽብሩ ነው። ቀጥሎ ሰልፉ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ያ ከሆድ የሚጎተት ሳቅ። የአሁኑ ሳቅ ግን እኔን አልነካኝም፤ አነሳኝ እንጂ። መምህሩ ብዕሩን አነሳ።

«ስም?»

«ካሳነሽ» አለች እናቴ።

«ዕድሜ?»

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። «ደርሷል» አለች። «ደርሷል ብለህ ጻፍ።»

መኪናዋ ያን ቀን ጨውና ሳሙናዋን ብቻ ይዛ ሄደች። እኔ ክፍል ገባሁ። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል፤ መምህሩ «ጠጋ በሉላት!» ሲል ልጆቹ እያጉረመረሙ፣ እየተገፋፉ፣ በክርናቸው እየተጓሸሙ ትንሽ ቦታ ለቀቁ። ግማሽ ጎኔ አየር ላይ ቀረ። እግሬ መሬት አይደርስም። ዳር ላይ ያለውን እንጨት በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት፤ ቢገፉኝም ቢስቁብኝም አልለቀቅሁትም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል ጽፎ ሳይጨርስ፣ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ፣ በጉሮሮዬ ሙሉ ጮኼ ጠራኋት።